አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፤ የተማሪ ቤቱ ኳስ ተጫዋች

እኛ በኮልፌ ሜዳ የምንጫወት ተማሪዎች ያገባነውን ጎል ቆጥረን እንኮራለን፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማን የሚያህል ግን ከመካከላችን አልተገኘም። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ የሆኑት እኒህ ሰው በመስከረም 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወልደው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ። ገና ተማሪ ሳሉ፣ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ለተቋቋመው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን መጫወት ጀመሩ፤ እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስም በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳገቡ ተመዝግቧል።

እኔን ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን ያገሬው ልጅ ከነጭ ጋር እንዳይጋጠም ተከልክሎ ስለ ነበር፣ የቆዳ ቀለም በሜዳ ላይ የሚያደርሰውን በደል በወጣትነታቸው አይተዋል። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ ደቡብ አፍሪካም ጥቁርና ነጩን ቀላቅላ አላሰልፍም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ቀረች።

በጥር 1954 ዓ.ም. ከአሠልጣኞቹ አንዱ ሆነው የመሩት ብሔራዊ ቡድናችን ግብጽን በአዲስ አበባ 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በየቤታችን ሲወራ የምንሰማው ይኸው ዋንጫ ነው፤ የካርቱሙን ነገር የሚያነሣው ጥቂት ነው።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው፣ በዚያው ሥራ ላይ ሳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ። የዘር መድልዎው ሕግ ተሽሮ ደቡብ አፍሪካ ወደ ዓለም እግር ኳስ ማኅበር የተመለሰችው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ እሳቸው ያን ቀን አላዩትም።