እንቅልፍን እየናቀ በሸለብታ የኖረው ሊቅ

ሌሊቱን በመብራት ያደመቀው ስመ ጥሩው የፈጠራ ሰው ቶማስ አልቫ ኤዲሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1847 በአሜሪካ አገር፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ማይላን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ሰባተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኤዲሰን በትምህርት ቤት የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። እሱ ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ መምህሩ አእምሮው የተዛባ ልጅ አድርገው ስለቆጠሩት እናቱ አስወጥተው ቤት ውስጥ ያስተምሩት ጀመር። እናቱ ወይዘሮ ናንሲ ቀደም ሲል መምህርት ነበሩ። ነገ ክፍል ይዘን ለምንቆም ለእኛ ይህ ብቻውን ትልቅ ትምህርት ነው፤ አንዷ መምህርት ያነሡትን ልጅ ሌላው መምህር ጥሎት ነበርና።

በ12 ዓመቱ ገደማ በባቡር ላይ ጋዜጣና ከረሜላ እየዞረ መሸጥ ጀመረ። በ1862 የአንድ ባቡር ጣቢያ ኃላፊ ሕፃን ልጅ ሐዲድ ላይ ሳለ ሮጦ አዳነው። አባትየውም ውለታውን ለመመለስ ቴሌግራፍ አስተማሩት። በዚህ ሙያ በካናዳ አገር በስትራትፎርድ ጣቢያ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ተቀጠረ። ቀን ቀን በሙከራው ሲደክም ስለሚውል ሌሊት እንቅልፍ ይጥለዋል። ሕጉ ደግሞ ተረኛው ነቅቶ መጠበቁን እንዲያረጋግጥ በየሰዓቱ ምልክት እንዲልክ ያስገድደዋል። ታዲያ ኤዲሰን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከግድግዳ ሰዓት ጋር የተያያዘ መሣሪያ ሠራና ምልክቱን ለሱ ፈንታ መሣሪያው ይልክ ጀመር ይባላል። ምልክቱ እንደደረሰ ወዲያው መልሰው ሲጠሩት ግን የሚመልስ ጠፋ፤ በዚህም ተነቃበት።

ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪኩ በሰፊው ይታወቃል። በ1876 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በሜንሎ ፓርክ፣ ላቦራቶሪ አቋቋመ። በ1877 ድምፅ ቀርጾ መልሶ የሚያሰማውን ፎኖግራፍ ሠራ። በ1879 የተከሰለ የጥጥ ክር ያለበት አምፑሉ ከ13 ሰዓት በላይ ሳይቃጠል በራ። በ1882 በኒው ዮርክ ከተማ የፐርል ስትሪት ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በዕድሜ ዘመኑ በአሜሪካ ብቻ 1,093 የፈጠራ መብት ተመዝግቦለታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ኤዲሰን እንቅልፍን የጊዜ ብክነት አድርጎ የሚያይ ሰው ነበር። በቀን አራት ወይም አምስት ሰዓት መተኛት ይበቃል እያለ ይኩራራ ነበር። ሌሊቱን ከሱ ጋር ሲሠሩ የሚያድሩትን ረዳቶቹንም እንቅልፍ አልባው ጓድ ይሏቸው ነበር። ነገር ግን ይኸው ሰው በቀን ደጋግሞ ያሸልብ ነበር! በ1887 በተከፈተው በዌስት ኦሬንጅ ላቦራቶሪው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አልጋ ነበረው። በሥራ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ የተነሣው ፎቶግራፍ አለ። በ1921 ደግሞ ከፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ጋር ለሽርሽር በወጣ ጊዜ፣ ፕሬዚዳንቱ ጋዜጣ ሲያነቡ እሱ ዛፍ ሥር ለጥ ብሎ ተኝቶ ፎቶግራፍ ተነሥቷል። እንግዲህ አፉ ቢክድም ሰውነቱ አልካደም ማለት ነው።

ይህ ስንፍና ነበር ወይ? የዛሬው ሳይንስ አይደለም ይላል። የሰው አካል ከምሳ በኋላ፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በተፈጥሮው ይደክማል፤ ምሳ ያልበላም ቢሆን እኮ ይደክማል። በ2021 በፓሪስ ተመራማሪዎች ለ103 ሰዎች የተሰወረ ደንብ ያለው የሒሳብ ጥያቄ ሰጥተው፣ መሐል ላይ በጨለማ ክፍል ለ20 ደቂቃ አሳረፏቸው። ኤዲሰን ሲያሸልብ በእጁ ነገር ይይዝ ነበር፣ ሲወድቅም ድምፁ ይቀሰቅሰው ነበር ስለሚባል፣ እነሱንም ኩባያ አስያዟቸው። ሳይተኙ ከቆዩት ደንቡን ያገኙት ከመቶ 30 ናቸው። ለጥቂት ጊዜ ብቻ ካሸለቡት ግን ከመቶ 83ቱ አገኙት። ጠለቅ ብለው ከተኙት ያገኙት ከመቶ 14 ብቻ ናቸው። እንግዲህ ጥቅሙ ያለው በአጭሩ ሸለብታ ነው። ሰዓቱን ሙሉ ለጥ ብሎ የተኛ ሰው ጭንቅላቱ ከብዶት ይነሣል፤ የማታ እንቅልፉም ይበላሻል።

የሚገርመው ነገር የኤዲሰን አምፑል ለኮምፒዩተርም ቅድመ አያት መሆኑ ነው። በ1880ዎቹ አምፑሉ ውስጥ ባለው ባዶ ቦታ በኩል ኤሌክትሪክ እንደሚያልፍ አስተዋለ፤ ምክንያቱን ግን ገልጦ አላወቀም። በ1904 እንግሊዛዊው ፍሌሚንግ ይህን ተጠቅሞ ቫልቭ የሚባለውን የመስተዋት ቱቦ ሠራ። በ1946 በአሜሪካ ለሕዝብ የታየው ኢኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር ወደ 18,000 የሚጠጉ ቱቦዎች ነበሩት። ቱቦዎቹ ይበልጡን የሚበላሹት ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ ስለነበረ ኢኒያክን እንዳይጠፋ ሌት ተቀን ያበሩት ነበር። እንቅልፍ ያልተፈቀደለት መሣሪያ ነበር ማለት ይቻላል።

የዛሬው ኮምፒዩተር እንደዚያ አይደለም። ቱቦው በትራንዚስተር ስለተተካ ማረፍ ይችላል። ስሊፕ የተባለውን ትእዛዝ ስንሰጠው ስክሪኑ ይጠፋል፣ ዋናው ክፍሉ ሥራ ያቆማል። የጀመርነውን ሥራ እንዲያስታውስ ብቻ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ስንነካው ካቆመበት ይቀጥላል። ለምሳ ስንወጣ ሁሉንም በርቶ መተው ለምን አስፈለገ? ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ መብራት ከጠፋ ያልተቀመጠው ሥራ አብሮ ይጠፋልና አስቀድመን ሴቭ እናድርግ።

ኤዲሰን ኦክቶበር 18 ቀን 1931 በ84 ዓመቱ በዌስት ኦሬንጅ አረፈ። እኛ ከሕይወቱ የምንማረው ፉከራውን ሳይሆን ልማዱን ነው። ከምሳ በኋላ ባለችው ትርፍ ጊዜ ሩብ ሰዓት ጋደም ያለ ሠልጣኝ ሰነፍ ተብሎ ሊሳቅበት አይገባም፤ የከሰዓቱን ትምህርት ነቅቶ ይከታተላልና። ነገ ደግሞ በከሰዓት ፈረቃ ስናስተምር፣ ከሩቅ መንደር በእግሩ መጥቶ ዴስክ ላይ የሚያንጎላጅ ልጅ ይገጥመናል። ያን ጊዜ ዱላ ከማንሣታችን በፊት ልጁ ስንት ሰዓት እንደተነሣና ምን እንደበላ እንጠይቅ። የዚያ ልጅ ራስ የዘነበለው ከስንፍና ሳይሆን ከድካም ሊሆን ይችላል።