ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እና የመኖሪያ ቤት ያለመበርበር መብት

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ በሕግ ከተወሰነው ሁኔታ በቀር የማንም ኢትዮጵያዊ ቤት እንዳይበረበር የሚከለክል አንቀጽ ይዞ ነበር። የሕገ መንግሥቱን ረቂቅ ያዘጋጁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ በገንዘብ ሚኒስትርነታቸው በጅሮንድ በሚለው ማዕረግም ይታወቃሉ።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ሰያ ደብር ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ፤ የ12 ዓመት ልጅ ሳሉም ራስን ተከትለው ዓድዋ ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ ተልከው በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በጅጅጋና በጨርጨር አገረ ገዥነት አገልግለዋል።

በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የጻፉት የአውሬዎች ኮመዲያ የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ተደርጎ ይቆጠራል። ተውኔቱ የአስተዳደሩን ብልሹነት በአውሬዎች ተረት በመንቀፉ ታገደ።

ረቂቁን ሲያዘጋጁ የሌሎች ሀገሮችን ሕጎች የመረመሩ ሲሆን፣ በዋናነት የተከተሉት የጃፓንን ሕገ መንግሥት ነበር። በዚህም መሠረት ሰው ያለ ሕግ እንዳይያዝ፣ ቤቱ እንዳይበረበር፣ የደብዳቤው ምሥጢር እንዳይደፈርና ንብረቱ እንዳይወሰድ ከአንቀጽ 23 እስከ 27 ተደነገገ። ይሁን እንጂ ሕገ መንግሥቱ በጦርነትና በችግር ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ የሚወስዱትን እርምጃ እነዚህ መብቶች እንደማይገድቡት ገልጿል። ብርበራ መቼና እንዴት እንደሚፈጸም መወሰኑም ወደፊት ለሚወጣ ሕግ የተተወ ነበር።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በዠኔቭ በተካሄደው የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ስለ ኢትዮጵያ ከተሟገቱ በኋላ፣ በጣሊያን ወረራ ምክንያት ተሰደው ረጅም ዘመን በማዳጋስካር ቆዩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሰውንም መኖሪያ ቤትንም ከሕገ ወጥ ብርበራና መያዝ ጠበቀ። ዝርዝሩ ግን የተሟላው በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። በመጀመሪያው ሕገ መንግሥትና በዚህ ሕግ መካከል ከ30 ዓመታት በላይ አልፈዋል።

የመብቱ ፈተና በዚህ አላበቃም። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ታገደ፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ተካሄደ። የቤት ብርበራን የሚገድበውን የመጀመሪያ አንቀጽ ያረቀቁት አዛውንት ያረፉት በዚያው ዓመት ነበር።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው መኖሪያ ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር እንዲሁም በይዞታው ያለ ንብረት ከመያዝ እንዲጠበቅ መብት ሰጥቷል። መብቱ ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ሕግ መሠረት ብቻ ነው።

የ1954ቱ ሕግ የደነገጋቸው ሥርዓቶች በአቃቂ ቃሊቲም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚኖር ዜጋ ሊያውቃቸው የሚገቡ ናቸው። ለቤት ብርበራ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ ትእዛዙም የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ ይጠቅሳል፤ ፖሊስ ከተጠቀሰው ውጭ ያለ ዕቃ መያዝ አይችልም። የተያዘው ዕቃ በዝርዝር ይመዘገባል፤ ሲቻልም ገለልተኛ ሰው አረጋግጦ ይፈርምበታል። ፍርድ ቤት በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚፈጸመው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የተያዘን ሰው አካል የሚፈትሸው ተመሳሳይ ጾታ ያለው ሰው ነው።

ያለ ትእዛዝ ወደ ቤት መግባት የሚቻለው በሕጉ በተለዩ ሁኔታዎች ነው። ከእነዚህም አንዱ ፖሊስ በእግር በእግሩ የሚከታተለው ተጠርጣሪ ወደ ቤቱ ሲገባ ነው። ሌላው ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል አቤቱታ ቀርቦ፣ ትእዛዝ እስኪወጣ ማስረጃው ሊሸሽ እንደሚችል በቂ ምክንያት ሲኖር ነው።

ስለዚህ ብርበራ ሲያጋጥም የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ለማየት መጠየቅ፣ የተያዙ ዕቃዎችን ዝርዝር በጥንቃቄ ማንበብና ከሕግ ውጭ የተፈጸመ ድርጊት ካለ አቤቱታ ማቅረብ የዜጋ መብት ነው።