እቴጌ ምንትዋብና ቁስቋም

ጎንደር የሄደ ሁሉ ፋሲል ግቢን አይቶ ይመለሳል፤ ቁስቋም የሚወጣው ጥቂት ነው። ያሳነጿት የቋራዋ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ባላቸው አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ካረፉ በኋላ በልጃቸው በኢያሱ፣ ቀጥሎም በልጅ ልጃቸው በኢዮአስ ዘመን ሀገር አስተዳድረዋል። ለገዳማት እጃቸው የተፈታ ነበር። በጣና ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን አሠሩ፤ እዚያ ግድግዳው ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ለቁስቋም ካህናት መተዳደሪያ ጉልት ሰጡ። ስሙ እመቤታችን ልጇን ይዛ ስትሰደድ ያረፈችበት የግብፅ ተራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል ኢዮአስን ሲያስገድሉ፣ እቴጌይቱም ሐዘናቸውን ይዘው የተጠጉት እዚያው ነው። በ1773 አረፉ። አፅማቸው ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው አፅም ጋር ዛሬም ቁስቋም ይገኛል።