ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እና መቃብር ያጣ ኀዘን

ከመተማ እስከ አብደራፊ ባለው ቆላ የሚወዱትን ሰው አጥተው፥ አስከሬኑን እንኳ ሳይቀብሩ የሚያለቅሱ ምእመናን አሉ። የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሕይወት ለእነዚህ ቅርብ ነው።

ንጉሡ፥ ከአፋር ተወልደው በጥምቀት ጥበበ ሥላሴ የተባሉትን ባለቤታቸውን በሞት ያጡት በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ከመንገሣቸው አስቀድሞ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሚስት አላገቡም። ኀዘኑ ግን ከአገልግሎት አላስቀራቸውም፤ ከግብፅ አራት ጳጳሳትን አስመጡ፤ በኢየሩሳሌም የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ሕንፃ አስጀመሩ።

በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ፤ በዚያው ዓመት ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ ዐረፉ። ንጉሡ ድርብ ኀዘን ተሸክመው ወደ መተማ ወረዱ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በጦርነቱ ቆስለው ዐረፉ። አስከሬናቸው በጠላት እጅ ወድቆ ራሳቸው ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

ቤተ ክርስቲያን ግን ጸሎቷን በመቃብር አትወስንም። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር ዘንድ አልቅሷልና ማልቀስ ኃጢአት አይደለም፤ የሚጎዳው ተስፋ መቁረጥ ነው። አስከሬን ያላገኛችሁ ወገኖቻችን ሆይ፥ የሟቹን የክርስትና ስም ለካህኑ ንገሩ፤ ፍትሐቱንና ተዝካሩን አታስቀሩ። በሰው ዘንድ መቃብሩ የጠፋ፥ በእግዚአብሔር ዘንድ አልጠፋም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።