ጆርጅ ፌሪስ፤ ታላቁን መንኰራኵር የሠራው መሐንዲስ

ጆርጅ ዋሽንግተን ጌል ፌሪስ የተባለው መሐንዲስ በሰሜን አሜሪካ፥ በኢሊኖይ ግዛት፥ ጌልስበርግ በምትባል ከተማ በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1859 ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ የተወለዱት በ1861 ስለ ሆነ፥ ሁለቱ የአንድ ዘመን ሰዎች ነበሩ። ዳሩ ግን ንጉሡ በጅሬን ኮረብታ ላይ ከ50 ዓመት በላይ ሲገዙ፥ መሐንዲሱ 40 ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሞተ። ስሙ ግን አልሞተም፤ ሰዎችን በሠረገላ አሳፍሮ ወደ ሰማይ እያወጣ ወደ ምድር የሚመልሰው ታላቅ የመዝናኛ መንኰራኵር እስከ ዛሬ ድረስ በእንግሊዝኛ የሚጠራው በእሱ ስም ነው።

አንዳንድ አንባቢዎች ስለ አንድ የጨዋታ መሣሪያ ይህን ያህል መጻፍ ምን ይጠቅማል ይሉ ይሆናል። ነገር ግን በጅማም ሆነ በአጋሮ፥ በሊሙም ሆነ በጌራ፥ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ገመድ አስሮ ዥዋዥዌ ያልተጫወተ ልጅ የለም። ከፍ ባለ ቍጥር ሆዱ ይባባል፤ ቢሆንም ጓደኛውን ጨምረህ ግፋኝ ይለዋል። ፍርሃትና ደስታ በአንድ ገመድ ላይ እንዴት አብረው ይቀመጣሉ? ፌሪስ ለዚህ ጥያቄ መልሱን በቃል ሳይሆን በብረት ሠርቶ አሳየ፤ የከፈለውም ዋጋ ቀላል አልነበረም።

ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው በ1864 ወላጆቹ ወደ ምዕራብ ተጕዘው በኔቫዳ ምድር ሠፈሩ። አባቱ የተክል ፍቅር የነበረው ሰው ስለ ሆነ በካርሰን ከተማ ብዙ ዛፎችን አስተክሏል። በዚያ አገር በካርሰን ወንዝ ዳር ውሃ የሚያዞረው ትልቅ መንኰራኵር ነበረና፥ ሕፃኑ ፌሪስ ባልዲዎቹ ሞልተው ሲወጡና ባዶአቸውን ሲመለሱ ቆሞ ይመለከት ነበር ይባላል። አንድ ሰው ዝነኛ ከሆነ በኋላ የልጅነቱ ታሪክ እያማረ መሄዱ የተለመደ ነው፤ ይህኛው ግን ለሰውየው የሚስማማ ታሪክ ነው።

ከዚያም በካሊፎርኒያ በኦክላንድ በሚገኝ የጦር ትምህርት ቤት ተምሮ፥ ቀጥሎ በኒውዮርክ ግዛት በትሮይ ከተማ ወዳለው ወደ ሬንሰለር ፖሊቴክኒክ ገባ፤ በ1881ም በምህንድስና ተመረቀ። ሥራ የጀመረው በምድር ባቡርና በድልድይ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ አረብ ብረት ለድልድይ ሥራ ገና አዲስ ነገር ስለ ነበረ፥ ገዢዎቹ ከፋብሪካ የሚወጣውን ብረት ጥንካሬ የሚመረምርላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። ፌሪስ ይህን ተመልክቶ በፒትስበርግ ከተማ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። ሥራውም አንድ ብረት ምን ያህል ሸክም ይችላል፥ የት ላይ ሲደርስ ይሰበራል የሚለውን መመርመር ነበር። በኋላ ሌሎች ሲፈሩ እሱ ያልፈራው ልቡ ደፋር ስለ ነበረ ብቻ አይመስለኝም፤ የብረቱን ልክ ስለሚያውቅ ነው።

ኮሎምቦስ አሜሪካ የደረሰበትን 400ኛ ዓመት ለማክበር በቺካጎ ከተማ በ1893 ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን እንዲከፈት ታቀደ። ፈረንሳዮች በ1889 ባደረጉት ኤግዚቢሽን 300 ሜትር የሚያህለውን የኤፌል ግንብ ሠርተው ዓለምን አስደንቀው ነበርና፥ የቺካጎው ሥራ አለቃ ዳንኤል በርንሃም የአሜሪካን መሐንዲሶች ሰብስቦ ከዚያ የማያንስ ነገር አምጡ አላቸው። ብዙዎቹ ያቀረቡት አሳብ ሌላ ግንብ፥ ብቻ ከኤፌል የሚረዝም ግንብ ነበር። ፌሪስ ግን የሚዞር ነገር አሰበ። አሳቡን በምግብ ቤት ተቀምጦ ሳለ በወረቀት ላይ ነደፈው ይባላል።

እውነቱን ለመናገር የሚዞር የጨዋታ መንኰራኵር ፈጣሪው ፌሪስ አይደለም። ፒተር ሙንዲ የሚባል እንግሊዛዊ መንገደኛ በ1620 በቱርኮች ግዛት፥ ዛሬ ቡልጋርያ በሚባለው አገር፥ ሰዎች በእንጨት መንኰራኵር ላይ ተቀምጠው ሲዞሩ አይቶ ጽፏል። በአሜሪካም ዊልያም ሶመርስ በ1892 በአትላንቲክ ሲቲ ከእንጨት የተሠሩ 15 ሜትር ያህል ቁመት ያላቸው መንኰራኵሮችን አቁሞ ነበር። የፌሪስ ሥራ አዲስነቱ በመጠኑና በስሌቱ ላይ ነው። እሱ ያቀደው ከምድር እስከ አናቱ 80 ሜትር የሚሆን ነበር። በጌራና በከፋ ጫካ ከቡናው በላይ ቀጥ ብሎ የሚታየው ትልቁ የቀረሮ ዛፍ ቢረዝም 50 ሜትር ቢደርስ ነውና፥ መጠኑን ከዚህ መገመት ይቻላል።

የኤግዚቢሽኑ ሹማምንት ግን አሳቡን ሲሰሙ አላመኑበትም። እንዲህ ያለ ቀጭን ነገር በነፋስ ይወድቃል፥ ሰው ይፈጃል አሉ። ፌሪስ ከተባባሪው ከዊልያም ግሮናው ጋር ሆኖ ስሌቱን ደጋግሞ አሠራ፤ ገንዘብ የሚያዋጡ ሰዎችንም ራሱ ፈልጎ አገኘ። በመጨረሻ ፈቃድ ያገኘው በዲሴምበር 16 ቀን 1892 ነው። ኤግዚቢሽኑ የሚከፈተው በሜይ 1 ቀን ስለ ነበረ አምስት ወር እንኳ አልቀረውም፤ ጊዜውም የቺካጎ ክረምት ነበር። መሬቱ ከበረዶው የተነሣ እንደ ድንጋይ ስለ ጠነከረ በድማሚት አፈረሱት፤ ከሥሩ ደግሞ ውሃ ያዘለ አሸዋ ወጣ፤ ሲሚንቶውም ሳይደርቅ እንዳይበርድበት በእንፋሎት እያሞቁ ገነቡ።

መሣሪያውን ትንሽ ዘርዘር አድርገን ብንመለከተው መልካም ነው። መሐሉ ላይ የሚዞርበት ዘንግ ወደ 14 ሜትር ርዝመትና ከ40 ቶን በላይ ክብደት ነበረው፤ የሠራው የቤተልሔም ብረት ኩባንያ ሲሆን፥ በዚያ ዘመን በአሜሪካ ተቀጥቅጠው ከተሠሩት ብረቶች ሁሉ ትልቁ ነው ተባለለት። ይህን ዘንግ ሁለት ማማዎች ከ42 ሜትር በላይ ከፍ አድርገው ተሸከሙት። የመንኰራኵሩን ጠርዝ ከዘንጉ ጋር ያያዙት ግን ወፍራም ምሰሶዎች ሳይሆኑ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ነበሩ። ሰውን ያስፈራውም ይህ ነው። ነገር ግን የብስክሌት ቸርኬ የተመለከተ ተማሪ ምሥጢሩን ያውቀዋል፤ ቀጭን ሽቦ ሲገፉት ይጐብጣል፥ ሲጐትቱት ግን ብዙ ይችላል። ፌሪስ የሠራው ትልቅ የብስክሌት ጎማ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በጠርዙ ላይ 36 ሠረገላዎች ተንጠለጠሉ። እያንዳንዳቸው 60 ሰው ይይዙ ስለ ነበረ በአንድ ጊዜ 2,160 ሰዎች ይሳፈሩ ነበር። ይህን ሁሉ ሸክም የሚያዞረው አንድ ባለ 1,000 የፈረስ ጉልበት የእንፋሎት ሞተር ሲሆን፥ ሁለተኛው ለመጠባበቂያ ተቀምጦ ነበር። እንዴት በቃው? አባቶቻችን ከአጋሮና ከሊሙ ቡና በበቅሎ ሲያመጡ ጭነቱን በግራና በቀኝ እኩል ያደርጉት ነበር፤ የተዛነፈ እንደ ሆነ በቅሎዪቱ ከኰረኰንቹ ይልቅ ከጭነቱ ጋር ትታገላለች። በመንኰራኵሩም ላይ በአንድ ወገን የሚወርዱት ሰዎች በሌላው ወገን የሚወጡትን ያነሡአቸዋል፤ ለሞተሩ የሚቀረው ሰበቃውንና በሁለቱ ወገን መካከል ያለውን ልዩነት ማሸነፍ ብቻ ነው።

በጁን 9 ቀን 1893 መንኰራኵሩ ያለ ሠረገላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረ። ከሁለት ቀን በኋላ ስድስት ሠረገላዎች ተሰቅለውበት በሙከራ ሲዞር ከተሳፈሩት መካከል የፌሪስ ባለቤት ማርጋሬት ነበረች። ባልየው በዚያን ቀን በፒትስበርግ ሆኖ የቴሌግራም ወሬ ይጠብቅ ነበር። ከሌላው ሕዝብ አስቀድሞ ሚስቱ እንድትወጣበት የፈቀደ መሐንዲስ በስሌቱ ላይ ምን ያህል እምነት እንደ ነበረው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ለሕዝብ የተከፈተው በጁን 21 ቀን ነው። ዋጋው 50 ሳንቲም፥ ይኸውም ኤግዚቢሽኑን ለማየት ከሚከፈለው ጋር እኩል ነበር። ሰዎቹ ሁለት ጊዜ ይዞሩ ነበር፤ በመጀመሪያው ዙር ሌሎች እንዲሳፈሩ ስድስት ጊዜ ይቆማል፥ ሁለተኛው ግን ሳይቆም ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጃል። ይህን ብናሰላው የሠረገላው ፍጥነት በሰከንድ ግማሽ ሜትር አይሞላም፤ ሰው በእግሩ ሲሄድ ከዚህ ይፈጥናል። እንግዲህ ያ ሁሉ ሕዝብ የወደደው ፍጥነትን አልነበረም። አውሮፕላን ባልነበረበት ዘመን የሜዳ አገር ሰው ከተማውንና የሚሺጋንን ሐይቅ ከላይ ሆኖ ማየቱ፥ ወለሉ ከእግሩ በታች እየራቀ ሲሄድ መፍራቱ፥ ከዚያም በደኅና መመለሱ ነው። በዚያው በጁላይ ወር ብርቱ ዐውሎ ነፋስ በቺካጎ ላይ ሲነሣ መንኰራኵሩ ሳይናወጥ ስለ ቆመ የተጠራጠሩት ሁሉ ዝም አሉ። እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ድረስ 1,450,000 ያህል ሰዎች ተሳፍረውበት ከ700,000 ዶላር በላይ ገንዘብ ገባ።

ከዚህ በኋላ ሌሎች ሰዎች ፍርሃቱን በፍጥነት ሊጨምሩት ሞከሩ። በ1895 በኒውዮርክ በኮኒ አይላንድ ሰውን በሐዲድ ላይ ቍልቍል አንደርድሮ ዘቅዝቆ የሚያዞር መሣሪያ ተሠራ። ውሃ የሞላ ባልዲ በገመድ ይዞ በራሱ ላይ ያዞረ ልጅ ውሃው እንደማይፈስ ያውቃል፤ ውሃው ቀጥ ብሎ ለመሄድ ሲፈልግ የባልዲው ቂጥ እየገፋ ያጐብጠዋልና። ሰውም እንዲሁ ተዘቅዝቆ አይወድቅም። ይሁን እንጂ የኮኒ አይላንዱ መንገድ ፍጹም ክብ ነበር። ሠረገላው ከቀጥታው ሐዲድ ወደ ፍጹም ክብ በድንገት ከገባ፥ አናቱንም ሳይወድቅ ለማለፍ የሚበቃ ፍጥነት ካለው፥ ከታች በኩል ሰውየው ከራሱ ክብደት ስድስት እጥፍ እንደሚሸከም በፊዚክስ ትምህርት ቀመር ማስላት ይቻላል። የብዙ ሰው አንገት ተጐዳበት። በ1901 ኤድዊን ፕሬስኮት ክቡን እንደ ዕንቍላል ሞላላ አድርጎ አሻሻለው፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ አራት ሰው ብቻ ስለሚይዝና አብዛኛው ሕዝብ ቆሞ ማየትን ስለ መረጠ ትርፍ አላመጣም። በ1930ዎቹ ደግሞ በኦሪገን ግዛት ሊ አየርሊ አውሮፕላን ነጂዎችን ለማለማመድ ያሰበውን መሣሪያ ለውጦ፥ በረጅም ክንድ ጫፍ ላይ ሰዎችን አስቀምጦ እንደ ዥዋዥዌ እያወዛወዘ በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ የሚገለብጠውን ሠራ። በክንዱ ሌላ ጫፍ ላይ ማመዛዘኛ ክብደት ስላለ ትንሽ ሞተር ይበቃዋል፤ የበቅሎዪቱ ጭነት ሕግ እዚህም አለ።

ወደ ፌሪስ እንመለስ። ገንዘቡ እንዲህ ከጐረፈ መሐንዲሱ ባለጠጋ የሆነ ይመስላል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከኤግዚቢሽኑ ኩባንያ ጋር በትርፉ አከፋፈል ተጣልቶ ክስ መሠረተ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሶመርስ አሳቤን ወሰደብኝ ብሎ ከሰሰው። የሶመርስ ክስ ውድቅ ቢሆንም ጊዜና ገንዘብ በላ። መንኰራኵሩ በ1894 ተፈታ፥ በ1895ም በዚያው በቺካጎ በሊንከን ፓርክ አጠገብ እንደገና ተተከለ፤ ኤግዚቢሽኑ በሌለበት ግን እንደ ቀድሞው ሰው አልመጣለትም፤ የሠፈሩም ነዋሪዎች ጠሉት። ፌሪስ በዕዳ ተያዘ፤ ባለቤቱም ተለየችው። በኖቬምበር 22 ቀን 1896 በፒትስበርግ ሆስፒታል በአንጀት ተስቦ በሽታ ሞተ። ዕድሜው 37 ዓመት ነበር። የኢትዮጵያ ሠራዊት በዐድዋ ድል ያደረገበት ዓመት መሆኑ ነው። ሬሳው ከተቃጠለ በኋላ አመዱ ከአንድ ዓመት በላይ ወሳጅ ሳያገኝ ቆየ። 1,450,000 ሰው በሥራው የተደሰተለት ሰው አመዱን የሚረከበው አንድ ሰው እንኳ ማጣቱን ሳስብ በጣም አዝናለሁ።

መንኰራኵሩ ራሱ ከጌታው አሥር ዓመት ያህል በልጦ ኖረ። በ1903 በሐራጅ 1,800 ዶላር ተሸጠ፤ በ1904 በሴንት ሉዊስ ከተማ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሰው አሳፈረ። በሜይ 11 ቀን 1906 በድማሚት ተሰብሮ ብረቱ ቍርጥራጭ ሆነ።

ነገር ግን በ1893 በቺካጎ ከተሳፈሩት ሰዎች መካከል የድልድይ ሠራተኛ የነበረው ዊልያም ሱሊቫን ይገኝ ነበር። እይታው ሳይሆን አሠራሩ ስቦት ደጋግሞ እየወጣ መረመረው፤ በ1900ም በጃክሰንቪል ከተማ ተፈትቶ በጋሪና በባቡር ከከተማ ወደ ከተማ የሚጓዝ አነስተኛ መንኰራኵር ሠራ። በየገጠር ከተማው በዓል ላይ የሚዞረው የተለመደው መንኰራኵር የመጣው ከዚህ ነው። ትልልቆቹም ቀጠሉ፤ በ1897 በቪየና የተሠራው ዛሬም ሰው ያሳፍራል፤ በ2000 በለንደን 135 ሜትር የሆነው ተከፈተ፤ በ2021 በዱባይ የተከፈተው ደግሞ 250 ሜትር ነው።