የመቅደላው ሕፃን፣ የካፋ ቁስልና የለንደን በጎ አድራጊዎች

ቦንጋ ላደገ ልጅ ኤንጂኦ ማለት ታፔላ፣ ነጭ ላንድክሩዘርና የስልጠና አበል ነው። ፋርም አፍሪካ በደናችን ጉዳይ ዓመታት ሠርቷል። ናቡ የሚባለው የጀርመን ድርጅት ደግሞ ጫካችን በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ እንዲመዘገብ እጁ አለበት። በ2017 የአሜሪካ እርዳታ ድንገት ሲቋረጥ ግን በየከተማው ሥራ ያጣው ሰው በዛ። ያኔ አንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ቀረ፤ የውጭ በጎ አድራጊ ስለኛ አካባቢ መናገር የጀመረው መቼ ነው? አገር ውስጥስ ማን መለሰለት?

ፍለጋው ያደረሰኝ አንድ የጎንደር ተወላጅ ጋ ነው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ይባላሉ። (ዓመቶቹን በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ታሪካቸው ፊልም ነው የሚመስለው። በ1857 አካባቢ ተወለዱ። በ1860 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሰዉ፣ በዚያ ግርግር መሃል ከወላጆቹ የተለየ አንድ ትንሽ ልጅ ተገኘ። ቻምበርሌን የሚባል መኮንን አንስቶ ወደ ህንድ ወሰደው። በኋላ ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁም ስሙ ከሁለቱ ተወጣጥቶ ቻርልስ ማርቲን ሆነ። በሚሲዮን ቤት አደገ፣ ላሆር ላይ ሕክምና ተማረ፣ ስኮትላንድ ሄዶ ትምህርቱን ጨመረ፣ በርማ ውስጥ ለእንግሊዝ መንግሥት በሐኪምነት ሠራ። አማርኛ ግን ከአፉ ጠፋ።

ከዚያ አድዋ ሆነ። ወሬው በርማ ድረስ ዘለቀ። ሐኪሙ አገሬ ብለው መጡ፤ አዲስ አበባ ደረሱ። ማን እንደሆኑ የሚያረጋግጥ ወረቀት ከየት ይምጣ? ያወቋቸው አያታቸው ናቸው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ገላቸው ላይ የነበረውን ጠባሳ አይተው ለይተዋቸዋል። ወርቅነህ የሚለው ስም የተመለሰው ያኔ ነው።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። እኚህ ሰው የውጭ ሰው ደግነት ያሳደጋቸው ናቸው። ያው ደግነት ሙያ ሰጥቷቸዋል፤ ስማቸውንና ቋንቋቸውንም ወስዶባቸዋል። ከዚህ በኋላ የሠሩትን ሁሉ ሳነብ ይሄ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም።

አሁን ወደ ካፋ። በ1889 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ወደ ካፋ ዘመተ፤ ከወራት ውጊያ በኋላ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ተያዙ። ከዚያ የተከተለው የገባር ሥርዓትና የባሪያ ፍንገላ ነው። ከካፋ፣ ከጊሚራ፣ ከማጂ ሰው እንደ ከብት እየተነዳ ወጣ፤ መንደሮች ባዶ ቀሩ። ከዘመቻው በፊትም በካፋ ባሪያ ማሳደር ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ከዘመቻው በኋላ የመጣው ግን መጠኑ ሌላ ነው።

ወሬው ለንደን የደረሰው ማጂ አካባቢ በነበሩ እንግሊዞች በኩል ነው። ዳርሊ የተባለው መኮንን ያየውን በጋዜጣም በመጽሐፍም አወጣ። ለንደን ውስጥ ደግሞ ከ1831 ጀምሮ ባርነትን የሚታገል ማኅበር አለ፤ ስሙ ትንሽ ተለውጦ ዛሬም እየሠራ ነው። የዛሬዎቹ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ታላቅ ወንድም በሉት። ጉዳዩን አጥብቆ ያዘው። ኢትዮጵያ በ1916 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት አዋጅ ወጣ። በ1924 የማኅበሩ መልእክተኞች ራሳቸው አዲስ አበባ መጥተው ንጉሠ ነገሥቱን አነጋገሩ። ንጉሡ ነገሩ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈልጋል አሉ። በዚያው ዓመት ጉዳዩን የሚከታተል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያ የለንደን ጩኸት ባይኖር አዋጁ እንዲህ ቶሎ የሚወጣ አይመስለኝም። ግን አዋጅ ሰውን ከጌታው ያላቅቃል እንጂ በማግስቱ ምን ይብላ፣ የት ይደር አይልም። ነፃ የወጣው ልጅ ከማጂ ወይ ከቦንጋ ተነስቶ አዲስ አበባ ላይ ማን አለው?

ወርቅነህ የገቡት እዚህ ጋ ነው። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን የመሩ፣ በአማርኛ የዓለም ጂኦግራፊ የጻፉ ሰው ናቸው። በ1920 አሜሪካ ሄደው ስለ ጣና ግድብ ሲደራደሩ፣ በዚያው ሃርለም ጎራ ብለው ባለሙያ ጥቁሮች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋበዙ። ነፃ ለወጡ ልጆች በተከፈተው ትምህርት ቤት ሥራ ውስጥ ነበሩ፤ ፍቅርንና አገልግሎትን በስሙ የያዘ ማኅበርም አቋቋሙ። ዓላማው ነፃ የወጡትን ሙያ አስይዞ በእግራቸው ማቆም ነው። በዛሬ አነጋገር የአገር በቀል ሲቪል ማኅበር ማለት ነው፤ ያውም ቃሉ ባልነበረበት ዘመን። ጨርጨርን ሲያስተዳድሩም መንገድና ትምህርት ቤት ላይ አተኩረዋል።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። በ1927 ማብቂያ ላይ ጣሊያን ለመንግሥታቱ ማኅበር ወፍራም ክስ አቀረበች። ከክሱ አንዱ ባርነት ነው። የካፋና የማጂ ሰው መከራ፣ በጎ አድራጊዎች በቅንነት የሰበሰቡት ማስረጃ ሁሉ፣ ለወረራ ሰበብ ሆነ። ሙሶሊኒ ለኛ ሲያለቅስ ይታያችሁ!

ያን ጊዜ ወርቅነህ ለንደን ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሹመዋል። ያሳደገቻቸው እንግሊዝ የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥልን አግዳለች። ሕዝቡ ግን ከመንግሥቱ ይለያል። ዶክተር ሜሊ የመሩት የበጎ ፈቃድ የአምቡላንስ ቡድን መዋጮ ሰብስቦ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ሜሊ አዲስ አበባ ስትዘረፍ በጥይት ተመተው ሞቱ። ሲልቪያ ፓንክረስት በ1928 ጋዜጣ ጀመረች። ወርቅነህም ለአገራቸው ገንዘብና ወዳጅ ፍለጋ በር ያንኳኩ ነበር።

ሁለቱ ልጆቻቸው፣ እንግሊዝ የተማሩት ዮሴፍና ቢንያም፣ አገር ቤት ገብተው የጥቁር አንበሳ አርበኞችን ተቀላቅለዋል። የጥቁር አንበሳ ኃይል ከራስ እምሩ ጋር ወደ ደቡብ ምዕራብ አፈገፈገ፤ በ1929 ራስ እምሩ እጃቸውን የሰጡት ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ነው። ጎጀብን ታውቁታላችሁ፤ ከጅማ ወደ ቦንጋ ስንመጣ የምንሻገረው ወንዝ ነው። ከወራት በኋላ የካቲት 12 ሆነ፤ ጣሊያን የተማረ ሰው እየለቀመ ገደለ። ዮሴፍና ቢንያምም ከተገደሉት መሃል ናቸው።

ባርነትን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋው አዋጅ በ1934 ወጣ። ወርቅነህ ከስደት ተመልሰው እስከ 1945 አዲስ አበባ ኖሩ፤ ያረፉትም እዚያው ነው።