ዶ/ር አክሊሉ ለማ፣ እንዶድና የአዋሽ ልጆች

ከአዳማ ወደ ወንጂ ሲወርዱ ከአዋሽ የተጠለፈው ውኃ በየቦዩ ተከፋፍሎ የሸንኮራ አገዳውን ሲያጠጣ ያያሉ። የስኳር ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህ ውኃ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ሆኖም ቦዩ ለቀንድ አውጣም ተመችቷል፤ ቀንድ አውጣው ደግሞ የቢልሃርዚያ ትል ተሸካሚ ነው። ትሉ ውኃው ውስጥ በሚጫወት ልጅ ቆዳ ዘልቆ ይገባል፤ ደሙን ያሳንሳል፣ ዕድገቱን ያቀጭጫል፣ ጉበቱንም ይጎዳል። በመካከለኛው አዋሽ የሚገኘው ሌላው ዝርያ ከፊኛ ካንሰር ጋር የተያያዘ ነው።

የዚህን በሽታ ነገር ሳስብ ቀድመው የሚታወሱኝ ዶ/ር አክሊሉ ለማ ናቸው። በሐረርጌ ተወልደው በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት እኚህ ሳይንቲስት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ለጥናት ዓድዋ ሄደው ሳለ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድን እናቶቻችን ለዘመናት አጥበውበታል፤ ቀንድ አውጣ መግደሉን ልብ ብሎ ለሳይንስ ያበቃው ግን እሳቸው ናቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ መሠረቱ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተደረገው ሙከራ በትንንሽ ሕፃናት ላይ የነበረው የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በ1977 ደግሞ ከሔልሙት ክሉስ ጋር በአዋሽ ሸለቆ የመስኖ እርሻዎች ስላለው ቢልሃርዚያ ጥናት አሳተሙ። ከእንዶድ የተገኘው ገዳይ ንጥረ ነገርም በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ።

ታዲያ እንዶድ ወደ ቦዩ ለምን አልደረሰም? ዓሣንም ስለሚገድልና እየደጋገሙ መርጨት ስለሚጠይቅ ፍጹም መድኃኒት አልነበረም። ትልቁ እንቅፋት ግን ሌላ ነው። በአገር ቤት የተሠራው ምርመራ ለዓለም አቀፍ ተቋማት በቂ ሆኖ አልተገኘም፤ እነሱ የጠየቁት ምርመራ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነበር። በዚህ ዓይነት ዓመታት ነጎዱ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ቢያገኙም ቦዩ እንደነበረው ነበር።

እኔ የሕግ ሰው ነኝና የሚቆጨኝ ቀጣዩ ነው። እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ የተባለ ቅርፊታም እንስሳ እንደሚገድል ተረጋገጠ። በ1993 በተሰጠው ፓተንት የዶ/ር አክሊሉ ስም ከፈልሳፊዎቹ ጋር ቢሰፍርም ባለመብቱ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚያን ጊዜ አገራችን የፓተንት አዋጅ እንኳን አልነበራትም። አዋጅ ቁጥር 123 የወጣው በ1987 ዓ.ም. ሲሆን፣ የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ነው። ዶ/ር አክሊሉ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1997 በመሆኑ ሁለተኛውን አላዩትም።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይላል ያገሬ ሰው። አዋጅ ብቻውን ግን በሬ አይሆንም። አንድ ተመራማሪ ጽሑፉን ከማሳተሙ በፊት መብቱን የሚያስመዘግብለት ባለሙያ፣ ውጤቱን የሚያጣራበት ዕውቅና ያለው ላቦራቶሪ፣ ወጪውን የሚችል በጀት ያስፈልገዋል። እነዚህ እስካልተሟሉ ድረስ የሳይንቲስቶቻችን ስም በውጭ መጽሔቶች ይታተማል፤ የአዋሽ ልጆች ግን ከውጭ የሚመጣ ክኒን እየዋጡ ተመልሰው ወደዚያው ውኃ ይገባሉ።